ስለ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የነጥብ አቈጣጠር

ማናቸውም ሚዛን የሚጠቅመው ምን እንደሚመዝን ለሚያውቅ ሰው ነው። የቡና ነጋዴ ኩንታሉን በሚመዝንበት ሚዛን የቡናውን ጣዕም ሊያውቅ አይችልም፤ ቀማሹም በምላሱ የኩንታሉን ክብደት ሊናገር አይችልም። ሁለቱም ሚዛኖች እውነተኞች ሲሆኑ፣ የአንዱን ቃል በሌላው ቦታ የሚያስገባ ሰው ግን ይሳሳታል፤ ስሕተቱም በገበያው ላይ ኪሳራ ይሆንበታል። በሰው ልጅ ላይ በሆነ ጊዜ ደግሞ ኪሳራው ከገንዘብ ይበልጣል። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን፣ በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ውጤት በተነገረ ጊዜ ስለ ነጥቡ የሚናገረው ብዙ፣ ነጥቡ እንዴት እንደሚቈጠር የሚያውቀው ግን ጥቂት መሆኑ ነው።

ጕዳዩ የመላው ኢትዮጵያ ነው፤ ነገር ግን በአንድ አገር ላይ ቆሞ ማየት ነገሩን ያጐላዋልና ጅማን እንመልከት። ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የአወቱ ወንዝ የሚያልፍባት፣ በቡናዋ የታወቀች ከተማ ናት። የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የጅማን ዩኒቨርሲቲ አቁመውባታል። ስለዚህ በአወቱ መንደራ የሚኖር ሰው የዩኒቨርሲቲውን ተማሪ በየቀኑ በመንገድ ያየዋል፤ ሐኪሙም መምህሩም ከዚያው ቤት የወጣ ነው። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃ፣ በየቡ የሚኖረውም ወላጅ ቡናውን ሸጦ ልጁን የሚያስተምረው በዚያ በር ያስገባው ዘንድ ነው። ውጤቱ በመጣ ጊዜ ይኸው ወላጅ ቍጥሩን ይዞ ወደ ቄሱ፣ ወደ ሼኩ፣ ወይም ወደ ወረዳው ጸሐፊ ይሄዳል፤ «ልጄ አለፈ ወይስ ወደቀ? ከወደቀስ ምን ይሁን?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጠየቀው ሰው የነጥቡን አቈጣጠር የማያውቅ ከሆነ፣ ባለማወቅ የሚሰጠው መልስ የአንድን ልጅ ዕድሜ ሊያጣምም ይችላል። ጽሑፋችንም በተለይ ለእነዚህ ለሚጠየቁት ሰዎች ነው።

አስቀድሞ ሚዛኑ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተከፈተ ጊዜ የተማሪው ቍጥር እጅግ ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የ12ኛ ክፍልን ትምህርት የጨረሱ ልጆች የሚፈተኑበት፣ ሕዝቡም «ማትሪክ» እያለ የሚጠራው ፈተና ቆየ። ይህ ቃል የመጣው መዝገብ ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ ፈተናውን ያለፈ ሰው በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ይጻፋልና። በማትሪክ ጊዜ ውጤቱ የሚነገረው በፊደል ነበር፤ ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ሆኖ ይቈጠርና የአምስት ትምህርቶች አማካይ ይወጣ ነበር። «ባለ አራት ነጥብ» የሚለው የምስጋና አነጋገር እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አፍ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በ10ኛ ክፍል መጨረሻ አንድ አገር አቀፍ ፈተና ተተከለ፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም የመሰናዶ ትምህርታቸውን በ12ኛ ክፍል ለፈጸሙት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይሰጥ ጀመር። የ10ኛው ክፍል ፈተና ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ስለ ቀረ፣ ዛሬ የልጆቻችን መንገድ የሚለየው በአንዱ በ12ኛው ክፍል ፈተና ነው። እንግዲህ ሁለት ደጃፍ የነበረው አንድ ደጃፍ ሆኗል፤ ስለዚህም የዚህ ደጃፍ ቍልፍ ምን እንደ ሆነ ማወቁ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል።

ፈተናው በሁለት ዘርፍ የተከፈለ ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የማመዛዘን ችሎታ የሚለካበት ፈተና ለሁሉም የጋራ ናቸው፤ በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ያሉት በዚህ ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ያሉት ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናሉ። እያንዳንዱ ትምህርት ከመቶ ይታሰባል፤ ስድስቱ ሲደመሩ 600 ይሆናሉ። የሥነ ዜጋ ትምህርት ጨምሮ ሰባት በነበሩ ጊዜ ድምሩ 700 ነበር። ስለዚህ የሁለት ዓመት ተፈታኞችን የሚያወዳድር ሰው አስቀድሞ ድምሩ ከስንት እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት፤ ከ700 የተገኘ 340 ከግማሽ በታች ነው፤ ከ600 የተገኘ 310 ግን ከግማሽ በላይ ነው። በቍጥሩ ብቻ የፈረደ ሰው ታናሹን ታላቅ፣ ታላቁንም ታናሽ ያደርጋል።

ቀጥሎ የሚታየው ነገር ከመቶ የሚታሰበው ነጥብ የጥያቄዎች ቍጥር አለመሆኑ ነው። በቀደሙት ዓመታት በተሰጡት ወረቀቶች የእንግሊዝኛው 120፣ የሒሳቡ ደግሞ 65 ጥያቄዎች የነበሩበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ወደ መቶ ሲመለሱ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ከአንድ ነጥብ በታች፣ ማለት 0.83 ያህል ሲያወጣ፣ አንድ የሒሳብ ጥያቄ አንድ ነጥብ ተኩል ያህል ያወጣል። ስለዚህ በሒሳብ አሥር ጥያቄ የሳተ ልጅ ከ15 ነጥብ በላይ ሲያጣ፣ በእንግሊዝኛ አሥር የሳተው ያጣው ከ9 ነጥብ በታች ነው። «አሥር ብቻ ነው የሳትሁት» የሚል ልጅ እውነቱን ተናግሯል፤ ነገር ግን አሥሩ በየትኛው ወረቀት ላይ እንደ ሆነ ሳይጠይቁ መደሰትም ማዘንም አይገባም።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳስት ነው። የፈተናው ጥያቄዎች ከተሰጡት መልሶች አንዱን መምረጥ የሚጠይቁ ናቸው፤ የሚቀርቡትም መልሶች ብዙውን ጊዜ አራት ናቸው። እንግዲህ ምንም የማያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቍር፣ ከአራቱ አንዱን በዕድል ያገኛል፤ ከመቶም 25 ያህል ይደርሰዋል። ይህ የሚያስረዳው ከፈተናው መሬት ዜሮ ሳይሆን 25 መሆኑን ነው። ከመቶ 28 ያገኘ ልጅ «ከትምህርቱ ከሩብ በላይ ያውቃል» ቢባል ስሕተት ነው፤ ከዕድል በላይ ያሳየው ጥቂት ነው። በአንጻሩ ደግሞ 60 ጥያቄ ባለበት ወረቀት ላይ 20ውን በእርግጥ የሚያውቅ ልጅ፣ ከቀሩት 40ዎቹ 10 ያህሉን በዕድል ቢያገኝ 30 ይሆንለታል፤ ይህም ከመቶ 50 ነው። ስለዚህ 50 ነጥብ «ግማሹን ያውቃል» ማለት ሳይሆን፣ ከሲሶው ያላነሰውን አውቆ በቀረው ዕድሉን የሞከረ ሰው ሊደርስበት የሚችል ስፍራ ነው።

ከዚህ የተነሣ «እንኪያስ ፈተናው ዕጣ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ ግን አይደለም። ዕድል በአንድ ጥያቄ ላይ ብርቱ ነው፤ በብዙ ጥያቄዎች ላይ ግን ይደክማል። በስድስቱም ወረቀት ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቍር ሰው ከ600 የሚያገኘው 150 ገደማ ነው፤ ዕድሉ እጅግ ቢያምርለት በጥቂት አሥሮች ይጨምራል እንጂ በዕድል ብቻ 300 ይደርሳል ማለት የማይሆን ነገር ነው። ግማሹን ያለፈ ልጅ የደከመበት ዕውቀት አለው፤ ይህን ማንም ሊነፍገው አይገባም። የተሳሳተ መልስም ነጥብ አያስቀንስም። በአሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት በሚሰጠው ፈተና ለተሳሳተ መልስ የነጥብ ሩብ ይቀነስ ነበር፤ እነርሱም በ2008 ዓ.ም. ይህን ቅጣት አስቀርተውታል። ስለዚህ ልጆቻችን ማንኛውንም ጥያቄ ባዶ ትተው እንዳይወጡ መምከር የመምህራን ተግባር ነው፤ ባዶ የተተወ ስፍራ በእርግጥ ዜሮ ነውና።

መልሱን የሚያርመው ሰው አይደለም፤ በእርሳስ የጠቈረውን ክብ የሚያነብ ማሽን ነው። ማሽኑ አያዳላም፤ ነገር ግን አይራራም። ጐረቤት ከጐረቤት እንዳይገለብጥ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል የተለያየ ጥራዝ ስለሚሰጥ፣ ተፈታኙ የጥራዙን ኮድ በመልስ መስጫው ላይ በትክክል ማጥቆር አለበት። ኮዱን የሳተ ልጅ መልሱ ሁሉ በሌላ ጥራዝ ቍልፍ ሊታረምበት ይችላል። አንዱን ጥያቄ ዘሎ በሚቀጥለው ቍጥር ላይ ያጠቈረም እንዲሁ የሚያውቀውን ሁሉ ያጣል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ በኮምፒውተር መፈተን ጀምረዋል፤ በዚህም ኮምፒውተር በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ከለመደው ጋር እኩል ሆኖ እንዲቀመጥ አስቀድሞ ልምምድ ያስፈልገዋል። እነዚህ ነገሮች ትንንሽ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የ12 ዓመት ድካም በእነርሱ ሊፈስ ስለሚችል፣ የወረዳ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከፈተናው አስቀድመው ለእያንዳንዱ ተማሪ በተግባር ሊያሳዩዋቸው ይገባል።

አራተኛው ነገር ድምር የሚሸፍነውንና የሚገልጠውን መለየት ነው። የማለፊያው ወሰን የሚታየው በእያንዳንዱ ትምህርት ሳይሆን በድምሩ ስለ ሆነ፣ በሒሳብ 30 ያገኘ ልጅ በባዮሎጂ 70 ቢያገኝ አንዱ ሌላውን ይደግፈዋል። ሁለት ልጆች ሁለቱም 300 ሊያገኙ ይችላሉ፤ አንዱ በሁሉም መካከለኛ፣ ሁለተኛው በከፊሉ ብርቱ፣ በከፊሉ ደካማ ነው። መሐንዲስ ሊሆን የሚመኝ ልጅ ድምሩን ብቻ ሳይሆን የሒሳቡንና የፊዚክሱን ነጥብ ለብቻ መመልከት ይገባዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ የሚጠብቀው መከራ ወይም ደስታ ያለው በዚያ ነውና።

በዚህም ላይ የቋንቋው ነገር አለ። በጅማ ዞን ብዙው ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ፈተናውም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ የኬሚስትሪ ነጥብ የኬሚስትሪ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ጥያቄውን በባዕድ ቋንቋ አንብቦ የማስተዋል ችሎታም በውስጡ አለ። የጂኦግራፊውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ጕድለት ያለበት ልጅ የሚጐዳው ከስድስቱ በአንዱ ሳይሆን በአምስቱ ወይም በስድስቱም ነው። የአንድ ወረዳ ሹም በወረዳው ያለው ውጤት ዝቅ ያለ መሆኑን ባየ ጊዜ የሳይንስ መምህራኑን ብቻ ከመውቀሱ በፊት፣ በ9ኛ ክፍል መግቢያ ላይ የእንግሊዝኛው መሠረት እንዴት እንደ ተጣለ ቢመረምር የነገሩን ሥር ያገኘዋል።

አሁን ወደ ወሰኑ እንምጣ። ፈተና ሁሉ ከሁለት ዐይነት አንዱ ነው። አንደኛው ሰውን ከሰው ጋር የሚያወዳድር ነው፤ ስፍራው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ በሆነ ጊዜ ከላይ ጀምሮ እስከ ስፍራው ልክ ይቈጠራል። በቻይና ለብዙ መቶ ዓመታት ሹማምንት የሚመረጡበት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1905 የቀረው ፈተና እንዲህ ያለ ነበር፤ ለየአውራጃው የሚያልፉት ሰዎች ቍጥር አስቀድሞ የተወሰነ ነበርና። ሁለተኛው ዐይነት ሰውን ከትምህርቱ ጋር የሚያወዳድር ነው። ይህን የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አባ ሄዶ የሚያስመሰክር ሰው ከጓደኛው በለጠ ወይም አነሰ አይባልም፤ መምህሩ የሚፈልገውን ያህል አጠና ወይስ አላጠናም ነው ጥያቄው። በዓመቱ አሥር ቢበቁ አሥሩም ይመሰክራሉ፤ አንድም ባይበቃ አንድም አይመሰክርም። በጅማ አገር ባሉት የቍርአን ትምህርት ቤቶችም ደረሳው ያለበትን ክፍል በቃሉ ሳያደርስ ወደሚቀጥለው አይሻገርም።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ወደ አንደኛው ዐይነት ያደላ ነበር። የመግቢያው ነጥብ በየዓመቱ በዩኒቨርሲቲዎች ባለው ስፍራ ልክ ይወሰን ነበር፤ ለሴቶች ከወንዶች ዝቅ ይል ነበር፤ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላውም ከፍና ዝቅ ይል ነበር። ስለዚህ «አለፈ» ማለት «በዚህ ዓመት ከስፍራው ልክ ውስጥ ገባ» ማለት ነበር እንጂ፣ የተወሰነ ዕውቀት አለው ማለት አልነበረም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ግን የትምህርት ሚኒስቴር ወሰኑን ከመቶ 50 ላይ ተከለው፤ በቀጥታ የሚገባው ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኘው ሆነ። ፈተናውም ተማሪዎቹ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰብስበው እንዲፈተኑ ተደረገ። ይህ የሆነው በከንቱ አልነበረም፤ በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ በመውጣቱ ፈተናው ተሰርዞ እንደ ገና መሰጠቱን፣ ከዚያም በኋላ በየትምህርት ቤቱ ስለ መገልበጥ ይሰማ የነበረውን ሁሉም ያስታውሰዋል። የተሰረቀ ፈተና ሚዛኑን ብቻ ሳይሆን፣ በድካሙ ያገኘውንም ልጅ ስም ይሰርቃል።

ወሰኑ በተተከለ ጊዜ የታየው ቍጥር አገሩን አስደነገጠው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ845,099 ውስጥ 27,267 ወይም 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ውስጥ 36,409 ወይም 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ውስጥ 48,929 ወይም 8.4 ከመቶ አለፉ። እነዚህን ቍጥሮች በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ከ2014 እስከ 2017 የመቶኛው ቍጥር ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ አድጓል፤ ያለፉት ልጆች ቍጥር ግን ያደገው በሲሶ ሁለቱ ገደማ፣ ማለት በ64 ከመቶ ያህል ነው። ሁለቱ ዕድገቶች የተለያዩበት ምክንያት የተፈታኙ ቍጥር ከ310,000 በላይ ስለ ቀነሰ ነው። በ2017 ያለፉት 48,929 ልጆች በ2014 የተፈታኝ ቍጥር ቢካፈሉ 5.5 ከመቶ ያህል ይሆኑ ነበር። እንግዲህ መሻሻሉ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ከመቶኛው ዕድገት ከፊሉ የመጣው ከላይ ካለው ቍጥር ሳይሆን ከታች ካለው አካፋይ ነው። ሹም የሆነ ሰው «ይህን ያህል ከመቶ» የሚል ቃል በሰማ ጊዜ ሁልጊዜ «ከስንት?» ብሎ ይጠይቅ። ወደ ፈተናው ያልደረሰውም ልጅ የአገሩ ልጅ ነውና ሊቈጠር ይገባዋል።

ስለ ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 መሆናቸው በተነገረ ጊዜ ብዙ ሰው እነዚያ ትምህርት ቤቶች ምንም አላስተማሩም ብሎ ፈረደ። ነገር ግን ወሰን የሚለየው ከ300 በላይና በታች ያለውን ብቻ ነው፤ ከበታች ያለውን እርስ በርሱ አይለይም። የተማሪዎቹን አማካይ በዓመት ውስጥ ከ160 ወደ 220 ያነሣ የገጠር ትምህርት ቤትና በ160 ላይ ቆሞ የቀረ ትምህርት ቤት፣ ሁለቱም «ዜሮ» ተብለው ይጻፋሉ። ተማሪዎቹን በመግቢያ ፈተና መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ደግሞ ሁሉንም ቢያሳልፍ ግማሹ ሥራ የተሠራው በመምረጡ ጊዜ ነው። የጅማ ገበሬ ይህን በራሱ ሥራ ያውቀዋል። ቡና ደረጃ ሲወጣለት ከመቶ 40ው ነጥብ ለጥሬው ፍሬ፣ 60ው ደግሞ ለሚቀመሰው ይሰጣል፤ የፍሬው ጕድለት ለብቻ፣ የጣዕሙም ለብቻ ይጻፋል። ስለዚህ ደረጃው ዝቅ ያለበት ሰው ጕድለቱ ከለቀማው ይሁን ከአደራረቁ ወይም ከአስተጣጠቡ ያውቃል፤ ለሚመጣው ዓመት ቀይ እሸቱን ለይቶ ይለቅማል፤ ጀንፈሉንም በአልጋ ላይ ያሰጣል። የትምህርት ቤትም ውጤት በየትምህርቱና በየዓመቱ ተዘርዝሮ ለመምህራኑ ካልደረሰ፣ «ወደቃችሁ» የሚል ቃል ብቻ ይሆናል፤ ይህም ቃል ማንንም አያስተምርም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው በወሰኑ አጠገብ የቆሙት ልጆች ነገር ነው። ከላይ እንደ ገለጽነው በእያንዳንዱ ወረቀት ውስጥ ጥቂት ዕድል አለ። ስለዚህ 302 ያገኘና 297 ያገኘ ሁለት ልጆች በዕውቀት ይለያያሉ ብሎ በእርግጥ መናገር የሚችል ሚዛን የለም፤ በማግሥቱ እንደ ገና ቢፈተኑ ስፍራቸውን ሊለዋወጡ ይችላሉ። ወሰን ግን በአንድ ስፍራ መቆም አለበት፤ ለአንዱ ቢላላ ለሁሉ ይላላልና። ፍትሕ የሚሆነው ወሰኑን በማንቀሳቀስ ሳይሆን፣ ከወሰኑ በታች ለቀሩት ሌላ መንገድ በመክፈት ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ይህን አስቦ የማካካሻ ትምህርት፣ ብዙ ሰው «ሬሜዲያል» የሚለውን፣ ከፍቷል። ወደ ግማሹ የቀረቡት ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ተጨማሪ ትምህርት ተምረው እንደ ገና ይመዘናሉ፤ በተጀመረበት ጊዜ 70 ከመቶው በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና፣ 30 ከመቶው በዩኒቨርሲቲው ምዘና እንዲታሰብ፣ ማለፊያውም 50 እንዲሆን ተደርጎ ነበር። እንግዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያላለፈ ልጅ በሩ ሁሉ ተዘጋበት ማለት አይደለም። ያለፈውም ቢሆን ደጃፉን ተሻገረ እንጂ ቤቱን አልወረሰም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የሚጨርስ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ 50 ከመቶ ማግኘት አለበት።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ነጥብ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ያላየውን አይናገርም። የመግቢያው ፈተና አንድ ልጅ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ በስድስት ትምህርቶች፣ ከአራት መልሶች አንዱን ለይቶ ለማወቅ የነበረውን ችሎታ መስክሯል። ስለ እጁ ሥራ፣ ስለ ትዕግሥቱ፣ ስለ ታማኝነቱ፣ ነገ ስለሚማረውም ነገር አልተጠየቀም፤ አልመሰከረምም። ምስክሩን ሐሰተኛ ነው ብሎ ማባረር አይገባም፤ የማያውቀውንም እንዲናገር ማስገደድ አይገባም።

ይህ ከሆነ ለየሰዉ የሚተርፍ ሥራ አለ። የዞንና የወረዳ ሹማምንት የነጥቡን አቈጣጠር ከፈተናው ወራት በፊት በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ለወላጆች በጉባኤ ያስረዱ፤ ውጤቱም በመጣ ጊዜ ያለፉትን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የየትምህርቱን አማካይ ከባለፈው ዓመት ጋር አነጻጽረው ለየትምህርት ቤቱ ይስጡ። የቡናው ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ስለሚበረታ፣ ልጆች ከትምህርታቸው የሚቀሩበትን ቀን ቈጥረው ማካካሻ ያዘጋጁላቸው፤ በኅዳር ያልተማረው ምዕራፍ በሰኔ ጥያቄ ሆኖ ይመጣልና። የትምህርት ቤት መምህራን የመልስ መስጫውን ወረቀት አሞላል ያስተምሩ። ወላጆችም የልጃቸውን ውጤት ሲቀበሉ ድምሩን ብቻ አይመልከቱ፤ ስድስቱን ነጥቦች አንድ በአንድ ያንብቡ፤ ልጁ በየትኛው እንደ በረታ በዚያ ይታወቃልና፤ ቴክኒክና ሙያም ቢሆን፣ ማካካሻም ቢሆን፣ በግል እንደ ገና መፈተንም ቢሆን ምክሩ ከዚያ ይጀመር።

ካህናትና ሼኮች ግን ከሁሉ ይልቅ ብርቱ ኀላፊነት አለባቸው፤ በዚያች ቀን ያዘነ ቤት አስቀድሞ የሚያንኳኳው የእነርሱን ደጅ ነውና። ለብዙ ዓመት አንድ ድጓ ሲያጠና የኖረ ሊቅ፣ በመጀመሪያው ዓመት ያልቀናው ሰው በሦስተኛው ሲያስመሰክር አይቷል፤ ይህን ለወላጅ ሊነግረው ይችላል። ልጁ በኀፍረት ከቤት እንዳይወጣ፣ ወይም ተስፋ ቈርጦ ባልታወቀ መንገድ ወደ ሩቅ አገር እንዳይሰደድ፣ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ቍጥሩን አንብቦ የሚያስረዳው አንድ አዋቂ ሰው ነው። በየወረዳውና በየደብሩ እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝ፣ ፈተናው የሚገባውን ሥራ ሠርቶ ያልፋል፤ ልጆቻችንም ከወሰኑ በላይ ቢሆኑ ሳይኮሩ፣ ከወሰኑ በታችም ቢሆኑ ሳይጠፉ ለአገራቸው ይተርፋሉ።